ኮረንቲ ታጥቆ ቦርጭን ማጥፋት… ይቻላል እንዴ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኮረንቲ ነው። ስለ መብራት መጥፋትና መምጣት አይደለም፤ እሱንማ ለምደነዋል። ሰውነት ላይ ስለሚለጠፍ፣ ወገብ ላይ ስለሚታጠቅ፣ "ተኝተህ ጡንቻ አውጣ፣ ቁጭ ብለሽ ሸንቀጥ በይ" እየተባለ ስለሚቸበቸብ ኮረንቲ ነው የማወጋችሁ።

ነገሩን ያነሳሳችኝ አንዲት አንባቢያችን ናት። ሰርጓ ሦስት ወር ቀርቶታል። ቬሎው ተመርጧል፤ ቬሎው ግን ሆዷ ላይ ሲደርስ "እምቢ" ብሏል። "ከሥራ የምወጣው ማታ ስለሆነ ጂም ለመሄድ ጊዜ የለኝም። አንድ ሱቅ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ቀበቶ አየሁ። ሻጩ 'በቀን ግማሽ ሰዓት ታጥቀሽ ፊልም እያየሽ በአንድ ወር ቦርጭሽ ድራሹ ይጠፋል' አለኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ልግዛው ወይስ ልተወው? ለእጮኛዬ አልነገርኩትም" ትላለች።

እህቴ፣ መልሱን ታገኛለሽ፤ ትንሽ ታገሺኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩትም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ግን ደብዳቤሽ የዚህን ቀበቶ ዘር ማንዘር እንድቆፍር አደረገኝና ቆፍሬ ያገኘሁት ጉድ ብቻዬን የምይዘው ዓይነት አልሆነም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እንዳትደናገሩ።)

በዓሣ የተጀመረ ሕክምና

ኮረንቲ በሽቦ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣው በዓሣ ነበር። ቀልድ አይደለም። በአባይ ውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ የአምባዛ ዘር አለ፤ የነካውን ሰው እስከ 350 ቮልት በሚደርስ ኮረንቲ ይነርተዋል። ግብፆች ሳቃራ ውስጥ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በሠሩት መቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል። ዐረቦች "ረዓድ" ይሉታል፤ "ርዕደ መሬት" ከምንለው የኛው ቃል ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም። የዚህ ዓሣ ዘመዶች በኛም አገር ባሮና ኦሞ ውስጥ አሉ። በእጁ የያዘው ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

በሮማው ቄሣር በቀላውዴዎስ ዘመን (የኛው አፄ ገላውዴዎስ አይደሉም፣ የሮማው ነው) ስክሪቦኒየስ ላርጉስ የሚባል ሐኪም ነበር። በ47 ዓ.ም ገደማ በጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ላይ ሪህ ለያዘው ሰው የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ሕመምተኛው ባሕር ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ይቆማል፣ በሕይወት ያለ ኮረንታም የባሕር ዓሣ እግሩ ሥር ይደረግለታል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ድረስ እስኪደነዝዝ ይጠብቃል። ለማያቋርጥ ራስ ምታትም ዓሣውን ግንባር ላይ ነው!

ከሁሉም የገረመኝ ግን የራሳችን ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ግዕዝና አማርኛን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሆኖ ያጠናው ሰውዬ፣ በ1681 በላቲን ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ስለዚህ ዓሣ ጽፏል። ሐበሾች እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት የያዘውን ሰው በዓሣው ያክሙ ነበር ይላል። ሕመምተኛው ገበታ ላይ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ ዓሣው መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረጋል። ሰውዬው መላ አካላቱን ክፉኛ ያመዋል፤ ትኩሳቱ ግን ሁለተኛ አይመለስም ነው የሚለው። ወባ በኮረንቲ እንደማይሞት ዛሬ እናውቃለን። እኔ የምጠረጥረው ታካሚው ነው። እንደዚያ ታስሮ በዓሣ የተጠበሰ ሰው፣ ትኩሳቱ ቢመለስስ "ተመልሶብኛል" ብሎ ይናገራል?

ጠርሙስ ውስጥ የገባው መብረቅ

በ1745 እና በ1746 ጀርመንና ሆላንድ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ኮረንቲን ጠርሙስ ውስጥ ማጠራቀም ቻሉ። "የላይደን ጠርሙስ" ይባላል። ከዚያ በኋላ አውሮጳ አበደች። ፈረንሳዊው አባ ኖሌ በንጉሥ ሉዊ አሥራ አምስተኛ ፊት 180 የክብር ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያይዞ ጠርሙሱን አስነካቸው፤ ሁሉም እኩል ዘለሉ። ቀጥሎ ከሁለት መቶ በላይ መነኮሳትን ደረደረ። እነሱም ዘለሉ! መነኩሴና ወታደር በኮረንቲ ፊት አንድ መሆናቸው የተረጋገጠው ያኔ ነው።

ከጨዋታው መሐል ቁም ነገር የወጣው ጄኔቫ ላይ ነው። ዣን ዣላቤር የተባለ የፊዚክስ መምህር፣ ቀኝ እጁ ሽባ ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ የተቀመጠ አንድ ቁልፍ ሠሪ አገኘ። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ክንዱ ላይ ሲያሳርፍ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሰውዬው ሳያዝዘው ጡንቻው ራሱ እየተኮማተረ ይንቀሳቀሳል። ከ1747 መጨረሻ ጀምሮ ለሳምንታት እየደጋገመ ሞከረው። የመነመነው ክንድ ሥጋ አወጣ፤ እጁ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዣላቤር በ1748 ይህን ሲያሳትም የአውሮጳ ሽባ ሁሉ በተስፋ ተነሳ። ያው አባ ኖሌ ፓሪስ ውስጥ በጉዳተኛ ወታደሮች ላይ ሞክሮት ነበር፤ እሱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ሰው ይመጣል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ያ መቶ ዶላር ላይ ያለው። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የሚኖሩ ሽባዎች ዝናውን ሰምተው ከየአቅጣጫው እየመጡ "በኮረንቲህ ፈውሰን" ይሉት ጀመር። እሱም በትላልቅ ጠርሙሶች አጠራቅሞ በቀን ሦስት ጊዜ የማይሠራውን እጅ ወይም እግር ይነርትላቸዋል። መጀመሪያ ሙቀት ተሰማን ይላሉ፤ እጃቸውን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፤ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ እየተሻላቸው ይሄዳል። ከዚያ ቀጥ! ተስፋ ቆርጠው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደነበሩት ይሆናሉ። ፍራንክሊን በ1757 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህን ሳይደብቅ ተናገረ። ዘላቂ ጥቅም አላየሁም አለ። ያቺ የመጀመሪያ ቀናት ለውጥ ራሷ ከመንገዱ እንቅስቃሴና "እድናለሁ" ከሚለው ተስፋ የመጣች ልትሆን እንደምትችልም ጨመረበት። አስቡት እንግዲህ፤ ቢፈልግ ኖሮ ቀበቶ ሰፍቶ መሸጥ ይችል ነበር።

የእንቁራሪቷ እግር

አሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን ጋልቫኒ የሚለውን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ "ይህን ሰው በእንቁራሪት አስታውሱት" ብሎን ነበር። እኔም በእንቁራሪት ነው የማስታውሰው። ሉዊጂ ጋልቫኒ ጣሊያን ቦሎኛ የነበረ ሐኪም ነው። በ1780ዎቹ ቤቱ ውስጥ እንቁራሪት እየገሸለጠ ያጠና ነበር፤ ባለቤቱ ሉቺያም አብራው ትሠራለች። አንድ ቀን ረዳቱ የእንቁራሪቷን ነርቭ በቢላዋ ሲነካ፣ አጠገቡ ያለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብልጭ አለ። የሞተችው እንቁራሪት እግሯን ወረወረች!

ጋልቫኒ በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ "ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው ውስጥ ነው ያለው" አለ። አሌሳንድሮ ቮልታ ደግሞ "የለም፤ የመጣው ካስነካሃቸው ሁለት የተለያዩ ብረቶች ነው" አለው። ተከራከሩ። ቮልታ ክርክሩን ለመርታት ሲል በ1800 ብረት በብረት ላይ ደርድሮ አንድ ነገር ሠራ፤ የዛሬው የባትሪ ድንጋይ አያት እሱ ነው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ነርቭ በእርግጥ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። አንጎላችሁ "እጅህን አንሳ" ሲል ትእዛዙ በነርቭ ላይ እየሮጠ ጡንቻው ጋ ይደርሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ታዲያ ነርቭ ሞኝ ነው። ትእዛዙ ከአንጎል ይምጣ ከባትሪ አይለይም። ይህን ሁሉ መቶ ዓመት የተሸጠው መሣሪያ በሙሉ የሚሠራው በዚህችው የነርቭ ሞኝነት ነው።

የጋልቫኒ የእህቱ ልጅ አልዲኒ ነገሩን ወደ ቲያትር ወሰደው። በጥር 1803 ለንደን ውስጥ፣ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት የተሰቀለ ሰው ሬሳ ተሰጠው። በሕዝብ ፊት በባትሪ ሲነካው የሬሳው መንጋጋ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑ ተከፈተ፣ ቀኝ እጁ ተነሥቶ ጨበጠ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ወሬ በየሳሎኑ ይወራ ነበር። ሜሪ ሼሊ በ1818 "ፍራንኬንስታይን"ን አሳተመች፤ በ1831 በጻፈችው መግቢያም የጋልቫኒን ነገር ታነሳለች። ከእንቁራሪት እግር እስከ አስፈሪ ፊልም ማለት ይኼ ነው።

ፈገግታዋ ከልብ ነው?

አሁን ወደምወደው ሰውዬ መጣሁ። ዱሼን ይባላል። ከፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ ከቡሎኝ የመጣ የገጠር ሐኪም ነው። ሚስቱ በወሊድ ምክንያት ሞተችበት፤ ከዘመድ ተጣላ፤ ብቻውን ፓሪስ ገባ። ሹመት የለው፣ ወንበር የለው። የኤሌክትሪክ ሣጥኑን ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረ ማንም የማይፈልጋቸውን ሽባዎች ይመረምር ነበር።

ፋራዴይ በ1831 በማግኔት ኮረንቲ ማመንጨት ከቻለ በኋላ ለሕክምና የሚመች ዓይነት ኮረንቲ ተገኝቶ ነበር። ዱሼን የጨመረው ብልሃት ቀላል ነው፤ የኮረንቲውን ጫፍ በውኃ ማራስ። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ከራሰ ግን ቆዳውን አልፎ ከሥሩ ያለውን አንድ ጡንቻ ብቻ ለይቶ ያዝዛል። በዚህ መንገድ የትኛው ጡንቻ ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ስለዚህ ሥራው በ1855 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትገቡ የሚለጠፍባችሁ እርጥብ ወይም የሚያጣብቅ ነገር የዚህ ሰውዬ ውርስ ነው።

ከዚያ ፊት ላይ መጣ። አንድ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ በሙያቸው ጫማ ሠሪ። ፊታቸው የደነዘዘ ስለነበር ኮረንቲው ብዙም አያማቸውም። ዱሼን በፊታቸው ላይ ደስታን፣ ፍርሃትን፣ ድንጋጤን እየሳለ ፎቶ አነሳ፤ በ1862 አሳተመው። ፎቶዎቹን ያየ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሽማግሌው የሚጮኹ ይመስላሉ፣ ግን ምንም አልተሰማቸውም። ዳርዊንም በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ በጻፈው መጽሐፉ ተጠቅሞባቸዋል።

ለኛ ለወጣቶቹ የምትጠቅመው ግን የፈገግታዋ ግኝት ናት። ዱሼን የጉንጩን ጡንቻ ብቻ በኮረንቲ ሲስብ ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ግን ፈገግታው የውሸት ሆነ። ዓይናቸው አልሳቀም። ከዚያ እውነተኛ ቀልድ ነገራቸው፤ ያኔ በዓይናቸው ዙሪያ ያለው ጡንቻ አብሮ ተሸበሸበ። የጉንጩ ጡንቻ ለፈቃድ ይታዘዛል፣ የዓይኑ የሚታዘዘው ለልብ ነው ብሎ ደመደመ። እስከ ዛሬ ከልብ የመጣ ፈገግታ "የዱሼን ፈገግታ" ይባላል። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ተመርኩዛችሁ የሴት ጓደኛችሁን "አልሳቅሽልኝም" ብላችሁ እንዳትጣሉ! በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ብዙ ሰው በዓይኑም ማስመሰል እንደሚችል አሳይተዋል። እኔ ደግሞ ይህን ጥናት ሳላነብም የማውቃቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ።

ነጋዴው ሲገባበት

ሐኪሞቹ ሲጨቃጨቁ ነጋዴው አልተኛም። በ1800ዎቹ መጨረሻ አሜሪካና እንግሊዝ በኤሌክትሪክ ቀበቶ ተጥለቀለቁ። ወገብ ላይ ይታጠቃል፤ ለነርቭ፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለወገብ ሕመም፣ ለሁሉም መድኃኒት ነው። ዋናው ገበያ ግን የወንዶች ስንፈት ነበር። አንዳንዱ ቀበቶ ከፊት ለፊት የተንጠለጠለች ተጨማሪ ከረጢት ነበረችው፤ ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ሲርስ የሚባለው ታላቅ የአሜሪካ መደብር እንኳ በ1902 ካታሎጉ ላይ "የሃይድልበርግ ቀበቶ" እያለ በፖስታ ይሸጥ ነበር።

ወንዶቹ ሲነቁ ተራው የሴቶች ሆነ። በ1949 "ሪላክሳሲዘር" የሚባል መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ሆድና ዳሌ ላይ ይለጠፋል፣ ኮረንቲ ይለቃል፣ "ያለ ድካም ቅጥነት" ይላል ማስታወቂያው። አራት መቶ ሺህ ያህል ተሸጠ። በመጨረሻ መንግሥት ከሰሰውና በ1970 ፍርድ ቤት ሽያጩን አገደ፤ የልብ ሕመም ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል በሽታ ላለባቸውና ለሌሎችም አደገኛ ነው ተባለ። ያገለገለውንም ቢሆን ለሌላ ሰው መሸጥ ክልክል ሆነ።

በሌላው ዓለም ደግሞ ሶቪየቶች ነበሩ። ያኮቭ ኮትስ የተባለው ተመራማሪ በ1977 ወደ ካናዳ ሞንትሪያል መጥቶ ስለ ሥራው ተናገረ፤ አሥር ሴኮንድ ኮረንቲ፣ ሃምሳ ሴኮንድ እረፍት፣ በጠቅላላው አሥር ደቂቃ። በዚህ ብቻ የስፖርተኞች ጉልበት እስከ 40 በመቶ ይጨምራል አለ። ምዕራባውያን ጆሯቸውን አቆሙ። በየላቦራቶሪው ቢሞክሩት ጉልበት መጨመሩ እውነት ሆነ፤ ግን ለጤነኛ ሰው ክብደት ከማንሳት የሚበልጥ ተአምር አልሆነም። የካናዳዊው ሯጭ የቤን ጆንሰን አሠልጣኝም ኮረንቲ ይጠቀም ነበር። ሴኡል ላይ በ1988 የተያዘው ግን በስታኖዞሎል ነው። ኮረንቲው ብቻውን ቢበቃ ኖሮ መርፌው ምን ይሠራ ነበር?

በ2002 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ሲለፈፍላቸው የነበሩ ሦስት ዓይነት የሆድ ቀበቶዎች ተከሰሱ፤ "ያለ ስፖርት ሲክስ ፓክ ታወጣላችሁ" ማለታቸው ውሸት ነው ተብሎ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለሕዝብ ባወጣው ማብራሪያ፣ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ጡንቻን ለጊዜው ሊያጠነክሩ ይችሉ ይሆናል፣ ክብደት እንዲቀንሱ ብዬ የፈቀድኩት ግን የለም ብሏል። እንግዲህ አንባቢዬ ሱቅ ውስጥ ያየችው ቀበቶ የነዚህ የተከሰሱት ታናሽ ወንድም ነው ማለት ነው።

ከ2007 ወዲህ ደግሞ ከጀርመን የተነሳ አዲስ ፋሽን አለ። ሙሉ ልብስ ነው፤ ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባ፣ ጭን፣ ክንድ፣ ሁሉም ቦታ ኮረንቲ ያለው። "ሃያ ደቂቃ ይበቃሃል" ይባላል። ለብሶ እየተንቀሳቀሰ የሚሠራ ሰው ጡንቻው በእርግጥ ይጠነክራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አብዝቶ በመጀመሪያው ቀን የለቀቀው ሰው ጡንቻው ይፈርስበታል። የፈረሰው ጡንቻ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን ይደፍናል። ምልክቱ ኃይለኛ የጡንቻ ሕመምና እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት ነው። እስራኤል ውስጥ በ2015 አንድ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጂም ውስጥ ከሠራ በኋላ እንዲህ ሆኖ ሆስፒታል ገባ፤ በ2016 መጀመሪያ የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ወደ ሙሽራችን እንመለስ

እህቴ፣ አትግዢው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ቀበቶ ስላለው ቤቱ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ጉንዳን የሚሄድብሽ ይመስላል። ሲጨምሩት ሆድሽ ሳትፈቅጂለት ጥብቅ ይላል፤ ከዚያ ይለቃል። በእርግጥም ጡንቻው እየሠራ ነው። ግን ቬሎውን እምቢ ያሰኘው ጡንቻ አይደለም፤ ከጡንቻው በላይ የተኛው ስብ ነው። ስብ እንደ ጡንቻ አይኮማተርም። ስብ የሚቃጠለው ሰውነትሽ ጉልበት ሲፈልግ ነው፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚኮማተር አንዲት የሆድ ጡንቻ የምትጠይቀው ጉልበት ደግሞ ደረጃ ከመውጣት ያንሳል። ደግሞ ባትሪው እንደ አንጎል ብልጥ አይደለም። አንጎል ጡንቻን በፈረቃ ያሠራል፤ አንዱ ሲደክም ሌላውን ይጠራል። ባትሪ ግን ቆዳ ሥር ያገኛቸውን እነዚያኑ እየደጋገመ ይቀጠቅጣል፣ ቶሎ ይደክማሉ። የጓደኛዬ ቦርጭ ደኅና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

በዚያ ገንዘብ ቬሎ ቤቱ ወገቡን እንዲያሰፋልሽ አድርጊ፤ ይሠሩታል፣ ለነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ከሥራ ስትወጪ ሁለት ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና በእግርሽ ግቢ፤ ሦስት ወር ትንሽ ጊዜ አይደለም። ለስላሳና ኬክም ከሰርጉ በኋላ ይደርሳል። አንድ ነገር ደግሞ በጆሮሽ ልንገርሽ፤ ቬሎው እምቢ ያለው በሌላ ምክንያት ከሆነስ? የወር አበባሽ ከቀረ መጀመሪያ ተመርመሪ። ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሆዷ ላይ አታስርም። ልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰውና የሚጥል በሽታ ያለበትም እንዲሁ። ደረት ላይ፣ የአንገት ፊት ለፊት፣ ቁስል ላይ ለማንም አይለጠፍም። ለጎረምሶቹም አንድ ቃል፤ ከሶኬት ሽቦ ስባችሁ "ራሴ እሠራዋለሁ" የምትሉ ካላችሁ ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት ሕክምና አይደለም፣ ገዳይ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል አንድ ወጣት የላከው ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቱ ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መቷቸዋል። ይናገራሉ፣ በከዘራ ይሄዳሉ፣ ግን ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚታቸው አይነሳም፤ ይጎትቱታል። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አንድ ሰው "እግር የሚያነሳ የኮረንቲ መሣሪያ አስመጣላችኋለሁ" ብሎ ትልቅ ገንዘብ ጠየቃቸው። "እናቴ የአንገት ሐብሏን ልትሸጥ ነው። ይኼም እንደ ቦርጭ ቀበቶ ውሸት ነው?" ይላል።

አይደለም ወንድሜ። እዚህ ላይ ኮረንቲ ጨዋ ሆኖ ይመጣል። ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ ከአከርካሪ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ግን ደኅና ነው፣ ትእዛዝ ብቻ ነው ያጣው። ሊበርሰን የተባለ ሐኪም በ1961 ይህን ተጠቀመበት። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ላይ ኮረንቲ ለጠፈ፣ ጫማው ተረከዝ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባ። ሰውዬው ተረከዙን ሲያነሳ ኮረንቲው ይበራና የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ያነሳለታል፤ ተረከዙ መሬት ሲነካ ይጠፋል። በቃ፣ ይኼው ነው። በ1983 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ በመኪና አደጋ ከወገቧ በታች ሽባ የሆነች አንዲት ተማሪ፣ ጄሮልድ ፔትሮፍስኪ የተባለው ተመራማሪ በሠራው ኮምፒውተር እግሯ እየታዘዘ በደጋፊ ቆማ ዲፕሎማዋን ተቀብላለች።

ግን ሐብሉ ከመሸጡ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በመጀመሪያ አባትህን ፊዚዮቴራፒ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰዳቸው። ኮረንቲ የሚለጥፍ መሣሪያ ካላቸው እዚያው በአንድ ቀጠሮ ሞክረው እግራቸው ይነሳ አይነሳ ማየት ይቻላል፤ ካልተነሳ የሰውዬውም ዕቃ አያነሳውም። ሁለተኛ፣ እግርን ከታች ደግፎ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ፕላስቲክ ድጋፍ እንዳለ ጠይቅ። በአካሄድ ፍጥነት ሁለቱን ያወዳደሩ ጥናቶች ኮረንቲው ከፕላስቲኩ ብዙም እንደማይበልጥ ነው ያገኙት፤ በዋጋ ግን አይገናኙም። ሦስተኛ፣ ኮረንቲውም ቢገኝ ተኝተው የሚቀበሉት ነገር አይደለም። ሲለቀቅባቸው እሳቸውም እግራቸውን ለማንሳት አብረው መታገል አለባቸው፤ የበለጠ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ልባቸው ላይ የተተከለ መሣሪያ ካለም አስቀድመህ ተናገር።

ስትሄዱ ደግሞ አሁን የሚያደርጉትን ጫማ እንዳትቀይሩላቸው። ያንኑ፣ የቀኙ ጫፉ በመጎተት የተበላውን፣ እንዳለ ያድርጉና ይሂዱ። ባለሙያው ሶሉ የተበላበትን ቦታ አይቶ እግራቸው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ይረዳል።